ሮበርት ኮኽና የሳንባ ነቀርሳ

ሳል የጸናበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚደረግለትን ምርመራ አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ ይሆናል። በትንሽ ዕቃ አክታውን እንዲያመጣ ይነገረዋል። መርማሪው ከአክታው ጥቂት ወስዶ በስስ መስተዋት ላይ ይቀባል፤ ያደርቀዋል፤ ቀለም አፍስሶበት በእሳት ያሞቀዋል፤ ከዚያም አጥቦ በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል። በሰማያዊው መደብ ላይ ቀያይና ቀጫጭን ዘንጎች ከታዩት ሕመምተኛውን የያዘው የሳንባ ነቀርሳ ነው ይባላል። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ዋናው የምርመራ ዘዴ ይኸው ነበር፤ ዛሬ የተሻሉ መሣሪያዎች ቢመጡም ፈጽሞ አልተተወም። እነዚያን ዘንጎች አይቶ የበሽታው ምክንያት መሆናቸውን ያስረዳው ሰው ሮበርት ኮኽ ይባላል። ታሪኩን ስታነቡ በሽታውን ያወቀበትን መንገድ፣ በኋላም በሽታውን አድናለሁ ብሎ ከተነሣበት መንገድ ጋር እያስተያያችሁ ተከታተሉ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮኽ በዲሴምበር 11 ቀን 1843 በጀርመን አገር፣ ሃርዝ በሚባሉት ተራሮች መካከል በምትገኝ ክላውስታል በተባለች የማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ የማዕድን ሥራ ኃላፊ ነበረ። ቤተ ሰቡ እጅግ ብዙ ልጆች ያሉበት በመሆኑ ኑሮው የተንደላቀቀ አልነበረም። በ1862 ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረ፤ በ1866ም ትምህርቱን ፈጸመ። ከመምህራኑ አንዱ ያኮብ ሄንለ፣ ተላላፊ በሽታዎች በዐይን ከማይታዩ ሕያዋን ነገሮች የሚመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ በ1840 የጻፈ ሊቅ ነበረ። ሆኖም ሐሳቡን በማስረጃ ሊያጸናው አልቻለም። ወጣቱ ሐኪም ዓለምን የመዞር ምኞት ቢኖረውም ኤሚ ፍራትስን አግብቶ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዶ፣ ሥራ እየፈለገ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወር ጀመር። በ1870 ጀርመንና ፈረንሳይ ጦርነት በገጠሙ ጊዜ በሐኪምነት ዘመተ። በ1872 ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው ቮልሽታይን ወደምትባል ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

እንግዲህ ይህን ሰው በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ቀን ቀን በጋሪ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ሕሙማን ያክማል። በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት የለም፤ የሚያማክረው የሙያ ባልደረባም የለም። ከማከሚያ ክፍሉ ጥቂቱን ከልሎ ትንሽ ቤተ ሙከራ አበጅቷል። ዋነኛ መሣሪያው አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረ፤ ሚስቱ ለልደት ቀኑ የሰጠችው ስጦታ እንደነበረ ይነገራል።

በወረዳው ከብቶችንና በጎችን የሚፈጅ በሽታ ነበረ፤ ይኸውም አባ ሰንጋ ነው። ከመካከላችሁ በገጠር ያደገ ተማሪ ይህን በሽታ ያውቀዋል። ጤነኛ መስሎ የዋለ በሬ በድንገት ወድቆ ይሞታል፤ ቆዳውን የገፈፈ፣ ሥጋውንም የበላ ሰው ይታመማል። የቮልሽታይን ገበሬዎች አንዳንዱ መስክ ራሱ የተረገመ ነው ይሉ ነበር፤ ከብቶች በዚያ ሲሰማሩ ያልቃሉና። ከኮኽ በፊት ካዚሚር ዳቨንን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች በበሽታው በሞቱ እንስሳት ደም ውስጥ ዘንግ መሰል ረቂቅ ነገሮችን አይተዋል። ያልተፈታው ጥያቄ ግን ዘንጎቹ በሽታውን ያመጣሉ ወይስ በሽታው ካለበት ቦታ ይገኛሉ የሚለው ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ጥንብ ባለበት አሞራ አይጠፋም፤ ከብቱን የገደለው ግን አሞራው አይደለም።

ኮኽ ጥያቄውን የያዘው እንደሚከተለው ነው። ትናንሽ የእንጨት ስንጥሮች አዘጋጅቶ በሙቀት አጸዳቸው። በአባ ሰንጋ ከሞተ እንስሳ ደም አስነክቶ በአይጥ ጅራት ሥር ከቈዳዋ በታች አስገባ። አይጧ በማግሥቱ ሞተች። ጣፊያዋን ከፍቶ ሲመለከት በዘንጎች ተሞልቷል። ከዚያች አይጥ ወደ ሌላዪቱ፣ ከሌላዪቱ ወደ ሦስተኛዪቱ እያስተላለፈ ብዙ ትውልድ ተከተለ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። የጤነኛ እንስሳ ደም የተሰጣቸው አይጦች ግን አልሞቱም። በዚህም አልረካም። ምናልባት የሚገድለው ከዘንጎቹ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር ቢሆንስ? ስለዚህ ከታረደ በሬ ዐይን ንጹሕ ውኃ ወስዶ በጠብታው ውስጥ ዘንጎቹን ብቻቸውን አረባቸው። በማይክሮስኮፑ ሥር ለሰዓታት ተቀምጦ ሲያድጉ፣ እንደ ክር ሲረዝሙ፣ ውስጣቸውም የሚያበሩ ትናንሽ ፍሬዎች ሲያፈራ ተመለከተ። እነዚያ ፍሬዎች ስፖር ይባላሉ። ደርቀው ለረጅም ዘመን ሊቆዩ፣ ምቹ ሁኔታ ሲያገኙም ተመልሰው ዘንግ ሊሆኑ ይችላሉ። የገበሬዎቹ የተረገመ መስክ ምሥጢር ተፈታ፤ ሬሳው ከተቀበረ ከዓመታት በኋላም ገዳዩ በአፈሩ ውስጥ ነበረ።

ኮኽ በ1876 ማይክሮስኮፑንና አይጦቹን ይዞ ወደ ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ፣ ፌርዲናንድ ኮን ወደተባለው የዕፀዋት ሊቅ ሄደ። ስም የሌለው የገጠር ሐኪም በታላላቅ መምህራን ፊት ሙከራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየ። ያዩትም ሊያስተባብሉ አልቻሉም። ጽሑፉ በዚያው ዓመት ታተመ።

በ1880 በርሊን በሚገኘው የመንግሥት ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲሠራ ተጠራ። ረዳቶችና ሰፊ ቤተ ሙከራ አገኘ። በዚያ በመጀመሪያ የፈታው ችግር አንዱን የባክቴሪያ ዐይነት ከሌላው ለይቶ የማርባትን ችግር ነው። በሾርባ ውስጥ ሁሉም ተቀላቅለው ስለሚራቡ የትኛው ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። የተቀቀለ ድንች ቈርጣችሁ ለጥቂት ቀናት ብትተዉት ላዩ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ይወጡበታል። ኮኽ ከነዚህ ነጠብጣቦች እያንዳንዱ የአንድ ዐይነት ባክቴሪያ ነገድ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ምግቡ ፈሳሽ ሳይሆን ጠጣር መሆን እንዳለበት ተረዳ። መጀመሪያ ጄላቲን ተጠቀመ፤ ነገር ግን ጄላቲን በሰው ገላ ሙቀት መጠን ይቀልጣል። መፍትሔውን ያገኘችው ከረዳቶቹ የአንደኛው ሚስት ፋኒ ሄሰ ናት። በወጥ ቤቷ ምግብ ለማርጋት የምትጠቀምበትን፣ አጋር የሚባለውን ከባሕር አረም የሚወጣ ነገር እንዲሞክሩ መከረች። አጋር እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ይሠራበታል፤ የሴትዮዋ ስም ግን እንደ ሥራዋ አልታወቀም።

በ1881 የሳንባ ነቀርሳን መመርመር ጀመረ። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ በአውሮፓ ምን ያህል ይፈጅ እንደነበረ ለመገመት የኮኽን ስሌት ማየት ይበቃል፤ ከሚሞቱት ሰባት ሰዎች አንዱን የሚገድለው እርሱ ነው ብሎ ቈጥሮ ነበር። ብዙ ሐኪሞች በሽታው ከወላጆች የሚወረስ ወይም ከአካል ድካም የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። አምጪውን ፈልጎ ማየት አስቸጋሪ የነበረው ባክቴሪያው ሰም መሰል ልባስ ስላለው፣ የተለመደው ቀለምም ስለማይዘው ነው። ኮኽ ሜቲሊን ብሉ ከሚባለው ሰማያዊ ቀለም ጋር አልካሊ ቀላቅሎ፣ ናሙናውን በዚያ ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል አቆየው፤ ከዚያም ሌላ ቡናማ ቀለም ጨመረበት። አካባቢው ሁሉ ቡናማ ሲሆን እጅግ የቀጠኑ ሰማያዊ ዘንጎች ብቻቸውን ቀርተው ታዩት።

ማየቱ ብቻ እንዳላበቃለት ከአባ ሰንጋው ሥራ ተገንዝባችኋል። ዘንጎቹን ማርባት ነበረበት።  የከብት ደም ከረጋ በኋላ የሚወጣውን ቢጫ ውኃ በሙቀት አርግቶ በገላ ሙቀት መጠን አስቀመጣቸው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንድ ቀን በሚታዩበት ቦታ እነዚህ ሳምንት አልፎም አልታዩም። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን በደፋው ነበር። ኮኽ ጠበቀ፤ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ደረቅ ቅርፊት የመሰሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። እነዚያን ወስዶ ጊኒ ፒግ ለሚባሉት ትናንሽ የቤተ ሙከራ እንስሳት ሲሰጥ እንስሳቱ በነቀርሳ ሞቱ፤ ከሬሳቸውም ያንኑ ዘንግ መልሶ አገኘ።

በማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ስብሰባ ላይ ውጤቱን አቀረበ። ንግግር የሚያምርለት ሰው አልነበረም። ነገር ግን በጠረጴዛዎቹ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ናሙናዎችንና ማይክሮስኮፖችን ደርድሮ፣ ሰሚው ሁሉ በገዛ ዐይኑ እንዲያይ አደረገ። ንግግሩ ሲያበቃ እንደ ልማዱ ጭብጨባና ክርክር አልተነሣም፤ ሰዎቹ ዝም ብለው ወደ ማይክሮስኮፖቹ ሄዱ ይባላል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ወጣቱ ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ ነበረ። ኤርሊኽ ወዲያውኑ የማቅለሙን ዘዴ አሻሻለው፤ ቀለሙ በአሲድ ሲታጠብ ከሌላው ሁሉ እንደሚለቅ፣ ከነቀርሳው ባክቴሪያ ግን እንደማይለቅ አሳየ። በኋላ ሲልና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ይህንኑ አሻሽለው፣ በመግቢያችን የተመለከታችሁትን የአክታ ምርመራ አበጁ። ኤርሊኽ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የነቀርሳውን ባክቴሪያ በገዛ አክታው ውስጥ አገኘ። እርሱ ግን አልሞተበትም።

ስለ ኮሌራ ባጭሩ እንለፍ። በ1883 ኮኽ በግብፅና በሕንድ አገር ተዘዋውሮ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ፣ በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ አስረዳ። በእስክንድርያ ለዚያው ምርምር የመጣው ፈረንሳዊ ወጣት ሉዊ ቱዪዬ በኮሌራ ሞተ። ኮኽና ባልደረቦቹም ተፎካካሪያቸው ለነበረው ለዚያ ሰው ቀብር ተገኝተው አክብሮታቸውን ገለጹ። ኮኽ ወደ አገሩ ሲመለስ መንግሥቱ 100,000 ማርክ ሸለመው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ምዕራፍ ደረስን። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ምዕራፍ ሊዘልለው ይፈተናል። እኛ አንዘልለውም።

በሽታው ምን እንደሆነ ታወቀ፤ ሕመምተኛው ግን እንደ ቀድሞው ይሞት ነበር። በፈረንሳይ ፓስተር በ1885 የእብድ ውሻ በሽታን የሚከላከል ክትባት ለሰው ሰጥቶ ዝናው ወጥቷል። ከኮኽም የጀርመን ሕዝብና መንግሥት ብዙ ይጠብቁበት ነበር። በኦገስት 1890 በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ በጊኒ ፒጎች ላይ ነቀርሳን የሚያቆም ነገር አግኝቻለሁ ብሎ ተናገረ። በኖቬምበር ደግሞ በሰዎች ላይ ስላደረገው ሙከራ ጻፈ። መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ ግን አልገለጸም። አስተውሉ፤ ይህ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት ማይክሮስኮፖቹን ለሰው ሁሉ የደረደረው ያው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሳዛኝ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች ደም የሚተፉ ሕሙማን በባቡር ወደ በርሊን ጐረፉ። ሆስፒታሎቹ ሞልተው ሕሙማኑ በየሆቴሉና በየሰዉ ቤት ተኙ። መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለነበረ ዋጋው ናረ። የሼርሎክ ሆምስን ታሪኮች የጻፈው ብሪታንያዊ ሐኪም አርተር ኮናን ዶይልም ወደዚያ ሄዶ ሕሙማኑን ጐበኘ፤ የመድኃኒቱ ፈዋሽነት ገና አልተረጋገጠም ብሎም ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ የተወጉ ሰዎች መሞታቸው ተሰማ። በጃንዋሪ 1891 ታዋቂው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆ የሟቾችን ሬሳ መርምሮ፣ በሽታው ቀድሞ ወዳልነበረበት የሰውነት ክፍል መዛመቱን አሳየ። በዚያው ወር ኮኽ የመድኃኒቱን ምሥጢር ገለጠ። ከተራቡት የነቀርሳ ባክቴሪያዎች በግሊሰሪን የወጣ ጭማቂ ነበረ፤ ቱበርኩሊን ተባለ። ተስፋ አድርገው ለመጡት ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ኮኽ ራሱ ለዕረፍት ወደ ግብፅ ሄደ።

ኮኽ ሆን ብሎ አታለለ ለማለት አይቻልም። መድኃኒቱን አስቀድሞ በገዛ ገላው ወግቶ ነበር። ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ ጅማቱን አመመው፤ አሳለው፤ ትንፋሹ አጠረው፤ ከዚያም በብርድ ተንቀጠቀጠ፤ ትኩሳቱም 39.6 ዲግሪ ደረሰ። ዛሬ ይህን የሚያነቡ ሐኪሞች ሌላ ነገር ይገነዘባሉ፤ ሰውነቱ ያን ያህል የተቈጣው የነቀርሳው ባክቴሪያ አስቀድሞ በውስጡ ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም።

የቱበርኩሊን እውነተኛ ጥቅም ያለው በዚሁ ቍጣ ውስጥ ነው። የሰው አካል ባክቴሪያውን አንድ ጊዜ ካገኘው አይረሳውም። የዚያ ባክቴሪያ ጭማቂ በቈዳው ውስጥ ሲገባ የተፈጥሮ መከላከያው ወደዚያ ቦታ ይሰበሰባል፤ ቦታውም ይቀላል፤ ያብጣል። ባክቴሪያውን ጨርሶ ያላገኘው ሰው ግን ምንም አይታይበትም። ኮኽ ራሱ ይህን ልዩነት በ1890ው ጽሑፉ አመልክቶ ነበር፤ ዐይኑ ግን በመድኃኒትነቱ ላይ ነበረ። በ1892 የዴንማርኩ የእንስሳት ሐኪም በርንሃርድ ባንግ የታመሙ ላሞችን ከጤነኞቹ ለመለየት በቱበርኩሊን መጠቀም ጀመረ። በ1907 በቪየና ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የሕፃናትን ክንድ በቀላሉ በመጫር ምርመራውን ለሰው አመቸው። በ1908 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ በቀጭን መርፌ በቈዳ ውስጥ የሚሰጥበትን ዘዴ አወጣ። የማንቱ ምርመራ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ፈዋሽ ተብሎ የወጣው ነገር እንዲህ ባለ መንገድ መርማሪ ሆኖ ቀረ።

በቤተ ሙከራው የሠሩ ሰዎች በሕክምናው ረገድ ከእርሱ የተሻለ ዕድል ገጠማቸው። በዚያው በ1890 መጨረሻ ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ የዘጊ አናዳንና የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ የሚያከሽፍ ነገር ከእንስሳት ደም አገኙ። በ1891 መንግሥቱ ለኮኽ የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም አቋቋመለት።

የቀረውን ዕድሜውን በአብዛኛው በጉዞ አሳለፈ። በ1896 ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጠራው ከብቶችን ስለሚፈጀው የደስታ በሽታ ነበር። ይህ በሽታ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከ1888 ጀምሮ፣ በአገራችን ከብቱን ጨርሶ፣ አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን ረኃብ ያመጣው ያው በሽታ ነው። ኮኽ በበሽታው ከሞቱ ከብቶች ሐሞት ክትባት መሰል ነገር ሠርቶ የተወሰኑትን ለማትረፍ ቻለ። በ1901 በለንደን የላም ነቀርሳ ሰውን አያሰጋም ብሎ ተናገረ፤ በዚህም ተሳስቶ ነበር። በ1905 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1906 በቪክቶሪያ ሐይቅ ባሉት በሴሴ ደሴቶች፣ በእንቅልፍ በሽታ ለተያዙ አፍሪካውያን አቶክሲል የተባለ አርሰኒክ ያለበትን መድኃኒት ይሰጥ ነበር። መጠኑን ከፍ ባደረገው ጊዜ ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ዐይናቸው ጠፋ። በቱበርኩሊን ዘመን የታየው ችኮላ እዚህም አልተለየውም፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ሊከራከሩት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ።

ሮበርት ኮኽ በሜይ 27 ቀን 1910 ባደን ባደን በተባለች ከተማ በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 66 ነበር። አመዱ በርሊን ውስጥ፣ ዛሬ በስሙ በሚጠራው ተቋም ተቀምጧል። የዓለም የሳንባ ነቀርሳ ቀን የሚታሰበው፣ ማይክሮስኮፖቹን ደርድሮ ባሳየበት በማርች 24 ነው።

የፈለገው መድኃኒት የመጣው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1943 በአሜሪካ በዋክስማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው አልበርት ሻትዝ ከአፈር ከሚገኝ ረቂቅ ሕይወት ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። ባክቴሪያው አንዱን መድኃኒት ብቻውን ሲያገኘው ይለምደዋል፤ ስለዚህ በኋላ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ተጀመረ። ዛሬ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ሕመምተኛው እንደገና አክታውን በትንሽ ዕቃ ይዞ ይመጣል። መርማሪው ይቀባዋል፤ ያቀልመዋል፤ ያሞቀዋል፤ አጥቦም ይመለከታል። ቀያዮቹ ዘንጎች አሁን በመስተዋቱ ላይ ካልታዩ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሕመምተኛውም የቀሩትን አራት ወራት እንዲፈጽም ይነገረዋል።